እግርሽን ስጪኝ

ተመልካች እንዳያያት ሸራ ሲጋረድባት ፈረሲቱ የውድድሩ መሮጫ ላይ በጎኗ ወድቃ ነበር። የቀኝ የፊት እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። ከሸራው ወዲያ ሰው ለአሸናፊው ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮኻል። ሽማግሌው ጠባቂዋ አጠገቧ ተንበርክኮ ላቧን በኮቱ እጅጌ ይጠርግላት ጀመር።

"ጋሼ፣ ጭንቅላቷን ይያዙልኝ" አለው የእንስሳት ሐኪሙ የመግደያውን መርፌ እየሞላ። "አይዞዎት፣ ምንም አይሰማትም።"

ጠዋትም ያለው ይህንኑ ነበር። ይኸው እግሯ አብጦ ታነክስ ስለነበር፣ ሕመሙን ሳታውቀው እንድትሮጥ ማደንዘዣ ሊወጋት ቀረበ። አላስጠጋ ብትለው ጠባቂዋን አስጠራ። ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያስለመዳት እሱ ነዋ! ጉልበቷን መታ መታ አድርጎ "እግርሽን ስጪኝ፣ እናቴ" ሲላት፣ ያን የታመመ እግሯን አንስታ መዳፉ ላይ አሳረፈችለት። እሱም መርፌው እስኪወጣ አጥብቆ ያዘለት።

አሁን ሊያባብላት ጭንቅላቷን በአንድ እጁ ደገፈ። ሌላው እጁ በልማድ ጉልበቷን መታ መታ አደረገ።

ፈረሲቱ ጆሮዋን ወደ እሱ አዞረች። ከዚያ የተንጠለጠለውን እግሯን እንደ ምንም ብላ አነሳችና ሰጠችው።