የዓሣዎቹ መብራት

ዮፍታሄ ቀኖቹን አይስትም፤ የተባለውን ግን አሳስቶ ሊያስታውስ ይችላል። ደብተሩ ላይ ያሰፈረው የውሃውን ሙቀት፣ የምግቡን ልክና መብራቱ የሚበራበትን ሰዓት ብቻ ነበር። ሰው የተናገረውን አልጻፈም፤ ያኔ የሚጻፍ አልመሰለውም።

አኳሪየሙን የገዛው ለአጎቱ ለጋሽ ግዛቸው ነው። ጋሽ ግዛቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በሐይቅ ዳሯ ከተማ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለው ቤታቸው ብዙም አይወጡም፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ኢሳይያስ ላይ ከፍተው፣ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሳሎን ይውላሉ። ዮፍታሄ ቁጭ ብለው የሚያዩት ነገር ይኑራቸው ብሎ፣ ስድስት ወርቃማ ዓሣዎችና ጥቂት የውሃ ተክሎች የያዘውን የመስታወት ገንዳ ከወንበራቸው ፊት ለፊት አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጠው።

ጎረቤታቸው በያጁ የገንዳውን የብረት መቆሚያ ሲያመጣ ሳቀበት። «ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ የሚቀልብ አንተን አየሁ። እኛ የምናውቀው ስንጠብሰው ነው።»

ዮፍታሄ አልሳቀም። ሳምንቱን ሙሉ ስለ መብራት ሲያነብ ከርሟል። የመስኮቱ ፀሐይ ገንዳውን እንዳይመታ መጋረጃውን ግራና ቀኝ በመርፌ ቁልፍ አያያዘው። ብርሃኑ ከመብራቱ ብቻ፣ በልክ እንዲሆን ነው የፈለገው። ብርሃን ካነሰ ተክሎቹ ይበሰብሳሉ፤ ተክሎቹ ከበሰበሱ ውሃው ይበላሻል፤ ውሃው ከተበላሸ ዓሣዎቹ ያልቃሉ። ያነበበው እስከዚህ ነበር።

አብሯቸው የሚኖረው ዮፍታሄ በዩኒቨርሲቲው የኮንክሪት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት ይመለሳል። ስለዚህ መብራቱን ለሐዳሳ አደራ ሰጣት፤ ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ሐዳሳ ከአለታ ወንዶ የመጣች የቤቱ ሠራተኛ ናት። ማታ ማታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች፤ ለፈተናው ሁለት ወር ቀርቷታል። ማደሪያዋም ማጥኛዋም ይኸው ቤት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ደፈረሰ። ዮፍታሄ መጀመሪያ ራሱን ጠረጠረ። ምግቡን ቀነሰ፣ ውሃውን ለወጠ፣ የደብተሩን ቁጥሮች ሁለት ጊዜ ደመረ። ከዚያ አጎቱን ጠየቃቸው፤ ሐዳሳ መብራቱን በሰዓቱ ታበራለች ወይ?

ጋሽ ግዛቸው ጭናቸው ላይ ያለውን መጽሐፍ በመዳፋቸው ዳሰሱ። «እኔ ሲበራ አላየሁም» አሉ።

ዮፍታሄ ሁሉንም ነገር ይጠራጠራል፤ የአጎቱን ቃል ግን መጠራጠር አልለመደም። ሐዳሳን ጠራት። በየቀኑ አበራለሁ አለችው። ተጨማሪ ብርሃን ተክሎቹን ያድናቸዋል ብሎ ማጥፊያውን ከዘጠኝ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገፋው፤ እሷም እሺ አለች። ውሃው ይባስ ብሎ ጎመን መሰለ።

ቅዳሜና እሁድ ራሱ ያበራ ነበር። «አበራሁት፣ ጋሼ» ሲላቸው ፊታቸው ይፈታል። «እንዲህ ነው እንጂ» ይላሉ። ለዮፍታሄ ይህም ሐዳሳ ላለማብራቷ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ።

አንድ ቅዳሜ አጎቱ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ሁለት የሞቱ ዓሣዎች ጨልፎ አወጣ። አልነገራቸውም። ተመልሰው ሲቀመጡ ወደ መስታወቱ ዘንበል አሉና «ስድስቱም ዛሬ ደስ ብሏቸዋል» አሉ። ዮፍታሄ ሊያጽናኑት የፈለጉ መሰለው።

ግንቦት ሁለት ቀን ሦስተኛው ሞተ። ዮፍታሄ በዚያው ማታ ሁለቱንም ሳሎን አስቀመጠ። አጎቱ ለሐዳሳ መውጫ ሊከፍቱላት ሞከሩ።

«መብራት ሄዶብሽ ይሆናል፣ ልጄ። ሄዶብኝ ነው በይው፤ በዚህ ማን ይቆጣሻል?»

«አይ፣ ጋሼ» አለች። «መብራትማ በዚህ ወር አልሄደም። የዮፍታሄን ሸሚዞች እኮ ስተኩስ ነው የምውለው። አበራለሁ፣ አጠፋለሁ። እርስዎም እዚሁ ነዎት።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ዮፍታሄ የተረዳው እንዲህ ነው፦ ምክንያት ሰጧት፣ እሷ ግን እልኸኛ ሆነች፤ አጎቱንም ፊት ለፊት ዋሾ አደረገቻቸው። ዓሣ መዘንጋት ይታለፋል፤ ይህ አይታለፍም አላት። ጠዋት እንድትሄድ ነገራት።

«ለዓሣ ተብሎ ሰው አይባረርም» አሉ ጋሽ ግዛቸው። ድምፃቸው ግን ደካማ ነበር።

ጠዋት ሐዳሳ ደብተሮቿን በፌስታል ይዛ ልትሰናበት ገባች። ጋሽ ግዛቸው እሷ በሌለችበት በኩል እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ዞራ እጃቸው ወዳለበት ሄደችና ሳመችው። በሩ ላይ ለዮፍታሄ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፤ «ጋሼ ደረጃውን ሲወርዱ እጃቸውን ያዝ።»

መናኸሪያ ድረስ አልሸኛትም። ይህንን በደንብ ያስታውሳል።

ሰኞ ዕለት ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ለብሌን ወሰደላት። ብሌን እዚያው ግቢ የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሊያውቅ የፈለገው የትኛው ተክል እንደበሰበሰ ነበር። በማጉያው አይታ ሳቀች። ምንም የበሰበሰ ነገር የለውም አለችው፤ አልጌ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር፣ ብርሃን ጠግቦ ያደገ። ጨለማ ውስጥ እንዲህ አይበቅልም፤ መስኮት አጠገብ ነው እንዴ ያስቀመጥከው ብላ ጠየቀችው።

ቤት ሲመለስ መጀመሪያ መጋረጃውን አየ። መርፌ ቁልፎቹ እሱ በሰካቸው ቦታ ነበሩ፤ አንዱም አልተነካም።

ወሩን ሙሉ፣ ከጋሽ ግዛቸው ፊት አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ መብራቱ በየቀኑ ሲበራ ኖሯል፤ «አላየሁም» ማለታቸውም እውነት ነበር።