የቅዳሜው እንግዳ

ሰርካለም ፈሪ ነበረች። አሁንም ፈሪ ናት፤ ብቻ አንደኛ የወጣች ፈሪ ናት።

አምና ሰሌዳ ላይ ውጪ ስትባል ጉልበቷ ይከዳት የነበረች ልጅ፣ ዘንድሮ ከፍኖተ ሰላም አስረኛ ክፍሎች ቁንጮ ሆና፣ የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ እንድትጠብቅ ተሰጣት። የተማሪው ሁሉ ውጤት ያለው እዚያ ነው። የእሷም አንደኝነት እዚያ ነው። እሱ ከጠፋ ወይ ከተቀየረ፣ ተመልሳ ያችው ጉልበተ ቢስ ልጅ የምትሆን ይመስላታል።

ሥራውን ያስተማራት ቲቸር ይታገሱ ነው። ወደ ቡሬ ተዛውሮ ሊሄድ ሲል፣ ኮምፒውተር ክፍል ጥግ የቆመውን አሮጌ ማሽን መታ መታ አደረገው።

"የዚህ ሰርቨር ሶፍትዌር አርጅቷል። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የተደገፈባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞችም አርጅተዋል። ሞፈሩ ቢጠነክር ማሰሪያው ምራን ከላመ ምን ዋጋ አለው? ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ሰርክዬ።"

"ታዲያ ማን ይደፍነዋል?" አለች፣ እንባዋ ቀርቦ።

"አይዞሽ፣ በየገበያው ብቅ እያልሁ አያችኋለሁ።"

ሄደ። በአንድም ገበያ ፊቱን ያየ ሰው የለም።

"ቡሬ እኮ አፍንጫችን ሥር ነው" አሉ ዘበኛው አያ ገብረ ሕይወት። "ሰው ግን መኪና ላይ ሲወጣ ቃሉን መናኸሪያ ጥሎት ይሄዳል።"

አያ ገብረ ሕይወት ማሽኑ ቀዳዳ አለው ሲባል ሰምተው ዝም አላሉም። አንድ ቀን ሰርካለም ስትገባ፣ የሰርቨሩ ጀርባ፣ አየር የሚያስገባው ወንፊት ሳይቀር፣ በጭድና በጭቃ ተመርጓል። ማሽኑ እንደ ትኩሳታም ልጅ ግሎ ያቃስታል።

"አያ! ምን አደረጉት?"

"ቀዳዳ አለው አላልሽም? ደፈንሁታ! አይጥ ቢገባበት ማን ሊጠየቅ ነው? ዘበኛው!"

ጭቃውን በእስክሪብቶ ስትፈለቅቅ ዋለች። ማሽኑ ተርፎ እንደሆነ ልይ ብላ፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ገጽ ስትከፍት ነው ክው ያለችው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቶ ግቢው ጭር ሲል፣ አንድ ሰው ከውጭ በኢንተርኔት ይገባል። ፋይል ይነካካል። ይወጣል። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ። ደግሞ ሰብሮ አይደለም የሚገባው፤ በዋናው ቁልፍ፣ በይለፍ ቃሉ ከፍቶ ነው።

የተወሰደ ነገር ፈለገች፤ የለም። ውጤቷን አየች፤ አለ። እንዲያውም ሲከፈት ያንቀላፋ የነበረው ድረ ገጽ ሰሞኑን ቶሎ ቶሎ ነው የሚከፈተው። ይኼ ይባስ አስፈራት። የማይሰርቅ ሌባ ምን እያደባ ነው?

"የፈጠነውማ እኔ ጠበል ረጭቸው ነው" አሉ አያ ገብረ ሕይወት።

"ማሽኑ ላይ ውሃ?!"

"ጠበል አልሁሽ እንጅ ውሃ መች አልሁሽ!"

ሌባውን ለማወቅ ሌባሻይ አላስፈለጋትም። ክንዱ ነው። አንደኝነቱን የነጠቀችው፣ ሁለተኛ የወጣው ክንዱ። ኢንተርኔት ቤት ተጥዶ የሚውለው ክንዱ። ቲቸር ይታገሱ ሲሄድ ሻንጣውን መናኸሪያ ድረስ የተሸከመለትስ ማን ሆነና! ቁልፉን ያኔ ነው የመነተፈው።

በእረፍት ሰዓት ያዘችው። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ያዘችው።

"ቅዳሜ የት ነበርህ?"

"ኳስ ሳይ። ምነው፣ ናፈቅሁሽ?"

"ሰርቨሩን ተወው!"

"አቦ አታካብጅ! አንደኛ ከወጣሽ ወዲህ እኮ መንግሥት ሆነሻል።"

ጓደኞቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ዓርብ ዕለት የድሮውን ቁልፍ ሰረዘች። አዲስ አበጀችና ለማንም አልሰጠችም። ቅዳሜ ማሽኑ ፊት ቁጭ ብላ ጠበቀች። እንግዳው በሰዓቱ መጣ። አንኳኳ። እንደገና አንኳኳ። ቢል ቢል እምቢ ሲለው ሄደ።

ሰርካለም ብቻዋን እልልታዋን አቀለጠችው። አያ ገብረ ሕይወት ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ ገቡ።

ሰኞ ሰልፍ ላይ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ደስታነሽ ባንዲራው ሥር አቆሟት። "ስንት ወንድ ባለበት ግቢ ሌባውን ያባረረች ይች ናት!" አሉ። ተጨበጨበ። ጉልበቷ አልከዳትም።

ማክሰኞ ጠዋት ድረ ገጹ ዊግ መሸጥ ጀመረ።

ውጤት በነበረበት ቦታ አንዲት ፈረንጅ ጸጉሯን ታወዛውዛለች። አንደኛ፣ ቡናማ ዊግ። ሁለተኛ፣ ቀይ ዊግ። "ሰርካለም" ይል የነበረው ላይ "ዛሬ ብቻ በግማሽ ዋጋ" ይላል።

ክንዱ ዳይሬክተሯ ቢሮ ተጠራ።

"እሱ ነው!" አለች ሰርካለም፣ እያለቀሰች። "በቀል ነው! አንደኝነቴን በዊግ ለወጠው!"

"እኔን ዊግ ምን ያደርግልኛል?" አለ ክንዱ፣ ራሱን እየዳበሰ። ትናንት ነው ሙልጭ አርጎ የተላጨው።

"ይኸው!" አሉ አያ ገብረ ሕይወት ከበር ላይ። "ሲቸግረው ነዋ!"

"እርስዎ ዝም ይበሉ" አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ። "አንተ ደግሞ አሁኑኑ ወላጅህን..."

ስልካቸው ጮኸ። አዩና ፊታቸው ፈካ። "ይታገሱ ነው! እሱ መላ አያጣም" ብለው ሁሉም እንዲሰማ ድምጹን ከፈቱት።

"ወይዘሮ ደስታነሽ፣ እንደምን ሰነበቱ፤ አንድም ገበያ አስታጉየ አላውቅ፣ ባለፈው ግን የመጨረሻዋን ቀዳዳ ልደፍን ብመጣ በሩን ማን ቆለፈብኝ?"