የአውራ ጣቱ ቦታ

«ምን ቀባኸው?» እላለሁ፣ ካሜራውን ከወንድሜ እጅ ነጥቄ ወደ መስኮቱ እያዞርኩ።

«ጥቁር ነዋ! ድሮ ፋብሪካው የሚቀባውን ዓይነት እኮ ነው፤ ስንት ቦታ ዞሬ ነው ያገኘሁት።» ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ሳሎኑ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቶ አሮጌ ካሜራ ይጠግናል፤ በሙያው አይታማም።

ደሜ ይፈላል። አባታችን በዚህ ካሜራ አርባ ዓመት ሙሉ ሙሽራና ተመራቂ ሲያነሳ፣ አውራ ጣቱ የምታርፍበት ቦታ ቀለሙ አልቆ ከሥሩ ያለው ናስ ወጥቶ ነበር። ከጎኑም የቀለበቱ ጭረት ነበረ። አሁን ሁሉም ልሙጥ፣ ዛሬ ከካርቶን የወጣ መስሏል።

«ቦታው የት ሄደ?»

«የቱ ቦታ?»

«የጣቱ ቦታ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«እታለም፣ ተልጦ ነበር እኮ፤ ያስጠላል። ደንበኛ እንደዚህ ሆኖ ቢያመጣልኝ ዝም ብዬ እመልስለታለሁ እንዴ?»

«አባዬ ደንበኛህ ነው? ለመሆኑ በየትኛው ዓይኑ እንዲያይልህ ነው ያሳመርከው?»

የአባዬ ዓይን ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፏል። ያኔ ሌሎቹን ካሜራዎች ስንሸጥ ይህችን አንዷን እንዳንነካበት አስምሎናል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያችን ቦታ ሲዳብስ ይውላል። ይሄ ጉደኛ ሌንሱን ላጽዳልህ ብሎ ከወሰደበት ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«እፍቀዋለሁ» ይላል ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ…»

«አርባ ዓመት ልትፍቅ? ወግድልኝ!»

«ምንድን ነው ጩኸቱ?» አባዬ ግድግዳውን እየዳበሰ ከመኝታ ቤት ይወጣል። «ካሜራዬ ካለቀ ስጡኝ እንጂ።»

ወንድሜ በዓይኑ ይለምነኛል። ምን ላድርግልህ? ዋሽቼ የት እደርሳለሁ? ካሜራውን አባዬ እጅ ላይ አኖራለሁ።

ፈገግ ብሎ ይቀበለኛል። አውራ ጣቱ ሳትሳሳት ወደ ቦታዋ ትሄዳለች። ትቆማለች። ወደ ግራ ትላለች፣ ትመለሳለች። ደግሞ ጎኑን ይዳብሳል። ፈገግታው ይጠፋል።

«አባዬ፣ ያው የራስህ ነው» ይላል ወንድሜ እየተንተባተበ። «ቀለም ብቻ ነው የቀባሁት። በሞትኩት!»

«የጠፋው ዓይኔ ነው፤ እጄ አልጠፋም።» አባዬ እንዲህ ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም። «ሸጣችሁት። ምላችሁልኝ ሸጣችሁት።»

«አልሸጥነውም አባዬ» እላለሁ።

አባዬ አይሰማኝም። ካሜራውን እንዳይጫርበት ተጠንቅቆ፣ እንደ ሰው ዕቃ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ባዶ እጁን ወደ እኛ ይዘረጋል።

«የኔን አምጡ።»