የጠፋችው «ር»

«እንደገና» ይላል ብሬነን ከመስታወቱ ማዶ። የሬዲዮ ጣቢያው የማስታወቂያ ኃላፊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ዛሬ ግን ትዕግሥቱ አልቋል።

ማስታወቂያ አንባቢው ኤምሊን ጉሮሮውን ጠርጎ ያነባል። «ቀዝቃዛ ሶዳ፣ ለፋዘ፣ ለማዘ።»

«‹ር›ዋን የት በላሃት? ጦርነቱ አልቋል እኮ ወንድሜ፤ ያ የጨዋ አነጋገር አብሮት አርጅቷል። ዛሬ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ አከራዩ ሊያስወጣው የመጣ ይመስለዋል። እንደ ሰፈርህ ልጆች አንብብልኝ። ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ማስታወቂያውን ብቻ አይደለም፣ ወንበርህንም።»

የኤምሊን ሰፈር ፔንሲልቬንያ ያለ የድንጋይ ከሰል ከተማ ነው። እዚያ «ር» ድንጋይ እንደሚቧጥጥ አካፋ ትጮሃለች። ኒውዮርክ ሲገባ ግን ጨዋ የጨዋ ልጅ የሚባሉት ቃል ሲጨርሱ እንደማይነኳት ሰማ። ገንዘባቸው ቢቀርበት አፋቸውን ወሰደ። ጸጉሩ እስኪሸብት እንጀራ የበላው በዚያ ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም።

አሁን አፉን ሞልቶ ይሞክራል። «ቀዝቃዛ ሶዳር፣ ለፋዘር…»

ከመስታወቱ ማዶ ይስቃሉ። «ሶዳ ላይ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣች?» ይላል ብሬነን፤ ወዲያው የኤምሊንን ፊት አይቶ ያፍራል። «ውጣና ትንሽ ተንፍስ። ስትመለስ የመጨረሻ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ስልክ አለ። የትውልድ ከተማቸው ለቀረችው እህቱ ይደውላል። ጥቂት ብታወራለት የልጅነት አፉ የሚመለስለት ይመስለዋል።

«ግዌን፣ እኔ ነኝ። ማዘር እንዴት ነች?» ይላል፣ «ር»ን ረገጥ አድርጎ።

«ማን ልበል?»

«ወንድምሽ ነኛ።»

«ስማ አንተ ሥራ ፈት» ትላለች። «የኔ ወንድም ሬዲዮ ላይ የሚናገር ሰው ነው፤ እንዳንተ አያወራም። በኛ አነጋገር ማላገጥ ካማረህ እዚያው እናትህ ላይ አላግጥ።»

ልትዘጋበት ነው። ይደነግጣል፤ ሳያስበው የለመደው ድምፅ ያመልጠዋል። «ግዌን፣ እባክሽ አትዝጊው። ማዘ ደህና ናት ወይ?»

ድምፅዋ ይለሰልሳል። «ውይ፣ ኤምሊን። ይሄ ነው የኔ ወንድም። ቅድም የማንን አፍ ይዘህ ነው የመጣኸው?»

ብሬነን በሩን ከፍቶ፣ ግባ እንጂ በሚል እጁን ያወዛውዝለታል።