ስምንተኛው ቤት

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ምላሴን ይቁረጠው። በዘር ቆጠራ እኔን የሚያህል ሰው በጎጃም ቀርቶ በኢትዮጵያ አልተፈጠረም። ሌላው «ሲሉ ሰማሁ» እያለ ይቆጥራል፤ እኔ ግን ምንጭ ሳልጠቅስ አያት አልጠራም! ለእያንዳንዱ አያት አንድ ካርድ አለኝ፤ ከላይ ስሙ፣ ከታች የነገረኝ ሰው።

ስንዱን ለማግባት ሽማግሌዎችና አክስቴን አስከትዬ ቤቷ ስሄድ፣ አጎቷ አያ ጫኔ «ዘመድ ናችሁ ይባላል፤ ከሰባት ቤት በታች ከሆነ ልጅ አንሰጥም» አሉኝ። ሳቅሁ። ካርዶቼን ዘርግቼ አያቶቼን አንድ በአንድ ጠራሁ፤ ባላምባራስ እንግዳሸት፣ ወልደ ሰንበት፣ አባ ነጎድጓድ እያልሁ ሁሉንም ቆጠርሁ።

«የምንገናኘው ስምንተኛ ቤት ላይ ነው! ምንጭ፦ አክስቴ እቴቴ ትኩነሽ፤ ይኸው እዚህ ተቀምጣለች!»

ሽማግሌዎቹ ሊያጨበጭቡልኝ ምንም አልቀራቸው። ስንዱም ከጓዳው በር ሆና ፈገግ አለችልኝ።

አያ ጫኔ ወደ አክስቴ ዞሩ። «እውነት ነው?»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ስሙ ሁሉ እውነት ነው። ባላምባራስ እንግዳሸት የዓለም ስማቸው ነው፤ ወልደ ሰንበት የክርስትና፣ አባ ነጎድጓድ ደግሞ የፈረስ ስማቸው። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው፤ አያቴ።»

«እንግዲያ ስምንቱ ቤት ስድስት ሆነ» አሉ አያ ጫኔ። የጓዳው በር ተዘጋ።

«እቴቴ! አንቺም ከዳሽኝ? ያኔ ስጠይቅሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ስማቸውን ጥሪልኝ አልኸኝ እንጂ፣ ልጄ፣ ስንት ሰው ናቸው ብለህ መች ጠየቅኸኝ?»