ያልተንቀጠቀጠው እጅ

በዚያ ዘመን እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ልኩን ጠብቆ እንዲሠራ የሰው እጅ እርጋታ ይፈልግ ነበር። አንድ ሰው መዳፉን የማሽኑ ሳህን ላይ ያሳርፋል፤ ማሽኑ እርጋታውን ይወስዳል፤ የተወሰደው አይመለስም።

ዳምጠው አዳማ ባለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ ሲኤንሲ የተባለውን እንጨት መቅረጫ ማሽኑን ብሎን በብሎን ገጣጠመ። ሐዲዱን አስተካከለ፣ ሞተሩ የሚያዞረውን ችንጋ ወጠረ፤ ለሙከራ ያስቀረጸው ክብ ግን እንቁላል መሰለ። መዳፉን ወደ ሳህኑ ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ክራር መደርደር ለለመዱት ጣቶቹ ሳሳ። ከዚያ ሚስቱን ስንዱን ከጓዳ ጠራት።

«እጅሽን እዚህ አሳርፊልኝማ፤ ሙቀቱን ልለካ ነው።»

ስንዱ እጇን በፎጣ አድርቃ ምንም ሳትጠይቅ አሳረፈችለት። ቀጣዩ ክብ እንከን አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት ስንዱ የልጃቸውን የቤዛን የዩኒፎርም ቁልፍ ልትተክል ተቀመጠች። የክሩን ጫፍ በምላሷ አርሳ ወደ መርፌው ስታስጠጋ ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ። ደጋግማ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ዳምጠው አቀርቅሮ ሻዩን ያማስላል።

«ትናንት ሙቀት አልነበረም የለካኸው፣ አይደል?» አለችው በቀስታ።

«አልነበረም።»

«ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር።»

ለዳምጠው ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ስንዱ ዩኒፎርሙንና መርፌውን ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ልጅቷ ሊረፍድባት ነው፤ አንተ ትከለው» ብላው ቤዛን ልትቀሰቅስ ሄደች።

ዳምጠው ክሩን አነሳ። በመጀመሪያው ሙከራ ቀዳዳውን አልፎ ገባ። እናትና ልጅ ተከታትለው ሲመጡ ሰማ፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልቻለም።