የይመር እጅ

በዚያ ዘመን አንድ ሰው በሙያው ከሁሉም ከላቀ፣ ችሎታው በአንድ ጀምበር ለአገሩ ሰው ሁሉ ይታደል ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ክብር አልነበረም። የደሴው ወጌሻ አቶ ይመር ይህን ክብር ያገኙ ዕለት ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ከዚያ ወዲያ ግን በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ጠፋ። ወለምታውንም ስብራቱንም ሁሉም በየቤቱ ራሱ ያሽ፣ ራሱ ይጠግን ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ሰዓዳ ከኮምቦልቻ ደወለች።

“አባ፣ ሐያት ከደረጃ ወድቃ ትከሻዋ ወልቆ ነበር።”

አቶ ይመር የልጅ ልጃቸውን ስም ሲሰሙ ብድግ አሉ። “እንዳትነኪያት! መጣሁ።”

“ኧረ አይልፉ፤ እኔው መለስኩላት። እጄ እኮ ቁርጥ የእርስዎን ሆኗል። እንባ እንኳ አልወጣትም።”

“አልሐምዱሊላህ!” አሉ ከልባቸው። ቀጥለውም፣ “ለማንኛውም ልምጣ?” ሲሉ ጠየቁ።

ሰዓዳ ግራ ገባት። “ምን ሊያደርጉ፣ አባ?” አለች በቅንነት።

አቶ ይመር ከተነሱበት ተመልሰው ተቀመጡ። ከስልኩ ወዲያ ሐያት ስትስቅ ይሰማቸው ነበር።